ስላይዱን ዝጊና ቁጥሩን ጠይቂ

ሚጣዬ፣ እስቲ ጠጋ በይ፣ ላፕቶፕሽን ልየው። ደንበኛሽ የግማሽ ቀን የብዝኃነት ሥልጠና ጠየቀሽ፣ አንቺ ደግሞ 40 ስላይድ ሠራሽ። ቀለሙ ያምራል፣ ጎበዝ። ግን ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔን በዚህ ሥራ ያቆየኝ ስላይድ ማሳመር አይደለም።

ፍራንክ ዶቢንና አሌክሳንድራ ካሌቭን አንብቢ። ሶሺዮሎጂስቶች ናቸው፤ እኛ የድርጅት ሳይኮሎጂ ሰዎችም ሳናነባቸው ደንበኛ ቤት መግባት የለብንም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረባቸው ጋር የ708 የአሜሪካ የግል መሥሪያ ቤቶችን የሠላሳ ዓመት ያህል መረጃ አገላብጠው ነበር። ለአለቆች የሚሰጠው ሥልጠና ብዙም ለውጥ አላመጣም። የተሻለ ለውጥ የታየው ጉዳዩ ለአንድ ኃላፊ ወይም ለአንድ ኮሚቴ ተሰጥቶ፣ የሚጠየቅበት ሰው ሲኖር ነው። በ2016 ደግሞ ሥልጠናውን ግዴታ ባደረጉ ድርጅቶች ከ5 ዓመት በኋላ የጥቁር ሴት አለቆች ድርሻ በአማካይ በ9 በመቶ ቀንሶ እንደተገኘ ጻፉ። ትዝ ይልሻል? አባባ «ውጡና እንግዳ ሰላም በሉ» ብሎ በግድ ሲያስወጣን የምንጠላው እንግዳውን ነበር።

ስለዚህ የሰው ልብ እቀይራለሁ ብለሽ አትዋዋዪ። አሠራር ለመቀየር ተዋዋዪ። ማሪያን በርትራንድና ሴንዲል ሙላይናታን ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ሲቪዎችን ለቀጣሪዎች ልከው ነበር። የነጭ የሚመስል ስም የያዘው 10 ያህል ሲቪ ልኮ አንድ ጥሪ ሲያገኝ፣ የጥቁር አሜሪካዊ የሚመስል ስም የያዘው 15 ያህል መላክ ነበረበት። የእኛን ስም አልፈተኑም። ቢሆንም ሲቪሽ ላይ ስምሽን ቆርጠሽ የምትጽፊው አንቺ ነገሩ ይገባሻል።

እንግዲህ ሲቪው የት ጋ እንደሚወድቅ ፈልጊ። ስንት ሰው አመለከተ፣ ስንቱ ተጠራ፣ ስንቱ ተቀጠረ፣ ማን ዕድገት አገኘ፣ ማን ለቀቀ? ደንበኛው ቁጥሩን ለመስጠት ካቅማማ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም በዪው። ቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይቅረብ። ጠያቂዎቹም ከመነጋገራቸው በፊት እያንዳንዳቸው ነጥባቸውን ጽፈው ያስቀምጡ። አለቃው ቀድሞ «ልጁን ወድጄዋለሁ» ካለ፣ የሌላው እስክሪብቶ ወደዚያው ያጋድላል።

አሁን የምነግርሽን ግን ከእኔ ስህተት ተማሪው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የሠራተኞች መጠይቅ አሰባስቤ ውጤቱን በየክፍሉ ከፋፍዬ አቀረብኩ። አንዱ ክፍል ውስጥ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። ስም አልጻፍኩም፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ገጹን አይቶ የትኛዋ እንደተናገረች ወዲያው ለየ። በሳምንቱ ልጅቷ ደወለችልኝ። «ምስጢር ነው ብለሽኝ ነበር» አለችኝና ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ የጥቂት ሰዎችን መልስ ለብቻው አላወጣም፤ ከሌላ ክፍል ጋር እደምረዋለሁ። ደንበኛው ቢቆጣም ይቆጣ። ገንዘቡን የሚከፍለው እሱ ነው፤ አምኖ የነገረሽ ግን ሠራተኛው ነው።

ደግሞ በማዕረግ ስም አትመኪ። በጥር 2025 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የብዝኃነት ፕሮግራሞቹን እንዲዘጋ ሲታዘዝ፣ «ብዝኃነት» የሚለው ቃል ካርዳቸው ላይ የነበረ ሰዎች ከሥራቸው ተነሡ። በቅጥር አድልዎን የሚከለክለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ግን አሁንም አለ። አድልዎውን በቁጥር ማሳየት የሚችል ሰው በሌላ ስምም ይፈለጋል። ስታቲስቲክሱን ሰነፍ ሆነሽ እንዳታልፊው።

በይ፣ ስላይዱን ዝጊና ለደንበኛው ጻፊለት። የሦስት ዓመት የቅጥር፣ የዕድገትና የመልቀቂያ ቁጥር ይላኩልሽ፤ ስለ ሥልጠናው ከዚያ በኋላ ትነጋገራላችሁ።

ከታች ስትፈርሚ ደግሞ ስምሽን ሙሉውን ጻፊው።