የላላ ፍሬን፦ ምልክትን ከምክንያት ጋር አያይዞ ማስረዳት

ሀ. ማስገንዘቢያ

የአስረጂ ድርሰት ዓላማ አንድን ነገር አንባቢው በትክክል እንዲረዳው ማድረግ ነው። አንድ ነጂ መካኒክ ዘንድ ቀርቦ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» ቢል፣ ጭንቀቱን ገለጸ እንጂ ብልሽቱን አልገለጸም። «ፔዳሉን ረግጬ ስይዘው ቀስ በቀስ ይሰምጣል» ቢል ግን የመካኒኩን ሥራ በእጅጉ ያቃልልለታል። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ እያንዳንዱ ምልክት ከየትኛው ምክንያት ጋር እንደ ተያያዘ ልብ በሉ።

ለ. ምንባብ

የፒክአፕ መኪና ፍሬን በፈሳሽ ግፊት ይሠራል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም በቀጫጭን ቱቦዎች አልፎ በየጎማው ያሉትን ፒስተኖች ይገፋል፤ እነርሱም በተራቸው የፍሬኑን ሸራ ከታምቡሩ ወይም ከዲስኩ ጋር ያጣብቃሉ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚተላለፍ ያስረዳው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል (1623-1662 እ.ኤ.አ.) ነው።

ዘይት አይታመቅም ለማለት ይቻላል፤ አየር ግን በቀላሉ ይታመቃል። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ አየር ከገባ፣ የነጂው ኃይል ጎማው ዘንድ ሳይደርስ አየሩን በማመቅ ይባክናል። ፔዳሉም ከእግር ሥር እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። መፍትሔው አየሩን በየጎማው ባለው ማስወጫ ብሎን አስወጥቶ አዲስ ዘይት መሙላት ነው።

ፔዳሉ ሳይለሰልስ እጅግ ዝቅ ብሎ የሚይዝና ደግመው ሲረግጡት ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ የኋላው ሸራ አልቋል ወይም ከታምቡሩ ርቋል። ረግጠው ሲይዙት ቀስ በቀስ የሚሰምጥ ከሆነ ግን ግፊቱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። የዘይቱ መጠን ከጎደለ ቱቦዎቹና የጎማዎቹ ውስጣዊ ገጽ ይመርመሩ። ዘይቱ ሳይጎድል ፔዳሉ ከሰመጠ፣ በዋናው ፖምፓ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ማርጀቱ ይጠረጠራል።

አራተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው ግን ይህ ወሰን እስከ 140 ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ እንደሚወስደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ጭነት የያዘ መኪና ፍሬኑ ያለ ማቋረጥ ከተያዘ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል። እንፋሎቱም እንደ አየር ስለሚታመቅ፣ ደኅና የነበረው ፔዳል በድንገት ይከዳል። አስተዋይ ነጂ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ከባድ ማርሽ የሚያስገባው ስለዚህ ነው።

ፍሬኑ በጉዞ ላይ ከከዳ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽ መቀነስና የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ መሳብ ያስፈልጋል። መኪናው ከቆመ በኋላ ግን ሳይጠገን ሊነዳ አይገባም። የጎደለውን በሞተር ዘይት መሙላትም ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻል።

ሐ. የሰዋስው ማስታወሻ

«አየር ከገባ ፔዳሉ ይላላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁኔታው በተሟላ ጊዜ ሁሉ የሚከተለውን ውጤት ይናገራል። «አየር ቢገባ ኖሮ ፔዳሉ ይላላ ነበር» የሚለው ግን አየር አለመግባቱን ያመለክታል። ብልሽትን ስታስረዱ ሁለቱን አታደባልቁ።

መ. መልመጃ

1. ዘይቱ ሳይጎድል ፔዳሉ የሚሰምጠው ለምንድን ነው?
2. «ፍሬኑ በጠሰ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ለመካኒክ በቂ ማስረጃ የማይሆነው ስለ ምንድን ነው?
3. ከምንባቡ ውስጥ በ«ከ» የተመሠረቱ አራት የሁኔታ ሐረጎችን አውጥታችሁ ውጤታቸውን ጻፉ።
4. በቤታችሁ ስለሚገኝ አንድ የተበላሸ መሣሪያ ምልክቱን፣ ምክንያቱንና መፍትሔውን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ የሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።