ማባዛት ወይስ መደመር፦ የጥምር ፕሮባቢሊቲን የቤት ሥራ ለብቻ መሥራት

ጥምር ፕሮባቢሊቲ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክስተቶች ተያይዘው ሲመጡ የሚሰላ ዕድል ነው። አንድ ሳንቲም ሲወረወር ዘውድ የመውጣቱ ዕድል 1/2 መሆኑን ሒሳብ ያልተማረም ያውቀዋል። ጣጣው የሚጀምረው ሁለተኛው ሳንቲም ሲጨመር ነው። የቤት ሥራውን ለብቻው የሚሠራ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው በስሌቱ አይደለም፤ ስሌቱማ ተራ የክፍልፋይ ሒሳብ ነው። የሚሰናከለው የተጠየቀውን ሳይለይ ማባዛት ወይም መደመር ስለሚጀምር ነው።

ስለዚህ ከቀመሩ በፊት ሊሆኑ የሚችሉትን ውጤቶች በሙሉ በደብተር ላይ መጻፍ ይቀድማል። ሁለት ሳንቲም ሲወረወር ውጤቶቹ አራት ናቸው፦ ዘውድና ዘውድ፣ ዘውድና ጎፈር፣ ጎፈርና ዘውድ፣ ጎፈርና ጎፈር። ቢያንስ አንድ ዘውድ ያለባቸው ሦስቱ ስለሆኑ ዕድሉ 3/4 ነው። ነገሩ ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ሆኖም ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ዳላምቤር እ.ኤ.አ. በ1754 በታላቁ የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ መልሱ 2/3 መሆን አለበት ብሎ ተከራክሯል። መጀመሪያ ዘውድ ከወጣ ጨዋታው እዚያው ያበቃል፤ የቀሩት ጎፈር ቀድሞ ዘውድ መከተሉ፣ ወይም ሁለቱም ጎፈር መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ መንገዶቹ ሦስት ናቸው ነበር ያለው። መንገዶቹ በእርግጥ ሦስት ናቸው፤ ክብደታቸው ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው 1/2፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው 1/4 ናቸው። ውጤቶችን መቁጠር የሚያዋጣው እኩል ዕድል ሲኖራቸው ብቻ ነው።

ጥያቄው ሁለቱም እንዲሆኑ ሲጠይቅ ዕድሎቹ ይባዛሉ። ከማባዛት በፊት ግን አንድ ነገር መጣራት አለበት፦ የመጀመሪያው ክስተት የሁለተኛውን ዕድል ይለውጠዋል? በከረጢት ውስጥ 5 ቀይና 3 ሰማያዊ ብዮች አሉ እንበል። አንድ ብይ ወጥቶ፣ ቀለሙ ታይቶ ተመልሶ ከገባ፣ ሁለተኛው ሲወጣ ከረጢቱ እንደነበረ ነው። ሁለቱም ቀይ የመሆናቸው ዕድል 5/8 ሲባዛ በ5/8፣ ማለትም 25/64 ይሆናል። ብዩ ካልተመለሰ ግን የቀሩት 7 ናቸው፤ ከእነሱም ቀይ 4 ብቻ ነው። መልሱ 5/8 ሲባዛ በ4/7፣ ማለትም 20/56 ይሆናል። በጥያቄው ውስጥ «ሳይመለስ» የምትለዋ ቃል መልሱን ሁሉ ትቀይረዋለች፤ ቸኩሎ የሚያነብ ተማሪ ደግሞ መጀመሪያ የሚዘላት እሷን ነው።

ይህን ማጣራት መዝለል በፍርድ ቤትም ሰው ጎድቷል። እንግሊዛዊቷ ሳሊ ክላርክ ሁለት ጨቅላ ልጆቿ ሞተውባት እ.ኤ.አ. በ1999 ገድላቸዋለች ተብሎ ተፈረደባት። በችሎቱ አንድ ሐኪም እንዲህ ባለ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ጨቅላ በድንገት የመሞቱ ዕድል 1/8,543 ነው አለ፤ ቁጥሩንም በራሱ አባዝቶ ሁለት ሞት ከ73 ሚሊዮን አንዴ የሚያጋጥም ነው ሲል መሰከረ። የብሪታንያ ንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2001 ስሌቱን ተቃወመ። በአንድ ቤት የሚያድጉ ልጆች ዘርንም አካባቢንም ስለሚጋሩ፣ ሁለቱ ሞቶች አንዱ በሌላው ላይ የማይመካ ነው ብሎ ማባዛት አይቻልም ነበር። ፍርዱ በ2003 ተሻረ፤ ዋናው ምክንያት ሳይቀርብ የቀረ የላቦራቶሪ ውጤት ቢሆንም የቁጥሩም ጉዳይ በይግባኙ ተነቅፏል።

ወደ ብዮቹ እንመለስ። መምህር አጠገቡ ለሌለው ተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው እያንዳንዱን ውጤት በቅርንጫፍ የሚያሳየው የዛፍ ንድፍ ነው። ብዩ በማይመለስበት ጥያቄ አራት ቅርንጫፎች ይወጣሉ፦ ቀይና ቀይ 20/56፣ ቀይና ሰማያዊ 15/56፣ ሰማያዊና ቀይ 15/56፣ ሰማያዊና ሰማያዊ 6/56። እዚህ ላይ ክፍልፋዮቹን ለማቃለል መቸኮል አያስፈልግም። ሳይቃለሉ ሲደመሩ 56/56 መምጣቱ በዓይን ይታያል፤ ካልመጣ አንድ ቅርንጫፍ ተረስቷል ወይም ተሳስቷል። «አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ» ሲባል ብዙዎች 15/56 ብለው ያቆማሉ። ቀዩ ቀድሞም ሰማያዊው ቀድሞም ሊወጣ ስለሚችል መልሱ 30/56 ነው።

«ወይም» ሲመጣ ይደመራል፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ የተቆጠረው ይቀነሳል። ዳይስ ሲጣል ተጋማሽ ቁጥር ወይም ከ3 የሚበልጥ የመውጣቱ ዕድል ስንት ነው? 3/6ን ከ3/6 ጋር ዝም ብሎ የደመረ ተማሪ 1 ያገኛል፤ 1 እና 3 እያሉ ይህ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው። 4 እና 6 በሁለቱም ወገን ስለተቆጠሩ 2/6 ተቀንሶ 4/6 ይቀራል።

«ቢያንስ አንድ» የሚለው ጥያቄ በአቋራጭ ይፈታል፦ አንድም የማይሆንበት ዕድል ተሰልቶ ከ1 ይቀነሳል። የሒሳብ ሊቁ ፓስካል እ.ኤ.አ. በ1654 ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለፌርማ በጻፈው ደብዳቤ ያነሳው ጥያቄ የዚሁ ዓይነት ነበር። ዳይስ 4 ጊዜ ሲጣል ቢያንስ አንድ 6 የመውጣቱ ዕድል 671/1,296 ስለሆነ ውርርዱ ያዋጣል። ሁለት ዳይስ 24 ጊዜ ሲጣሉ ቢያንስ አንዴ ሁለቱም 6 የመሆናቸው ዕድል ግን ወደ 0.491 ገደማ ስለሚወርድ ያከስራል። ለእኛ ተማሪ የሚቀርበው ምሳሌ የምርጫ ጥያቄ ነው። አራት አማራጭ ያላቸውን 10 ጥያቄዎች በግምት የሚሞላ ሰው ቢያንስ አንዱን የማግኘቱ ዕድል 94 በመቶ ግድም ነው፤ አሥሩንም የማግኘቱ ዕድል 1/1,048,576 ነው።

ከጓደኛ ደብተር የተገለበጠ የቤት ሥራ መልሱን ይሰጣል እንጂ የተረሳውን ቅርንጫፍ አያሳይም። የመጽሐፉን የመልስ ገጽ ከመግለጥ በፊት ከእያንዳንዱ ስሌት ጎን የተባዛበትን ወይም የተደመረበትን ምክንያት በአንድ መስመር መጻፍ ይበጃል። መልሱ ሳይገጥም ሲቀር ሁሉን ሰርዞ እንደ አዲስ ከመጀመር ይልቅ ያቺን መስመር መመርመር ይቀላል። ሁለት ነገሮች አብረው የመሆናቸው ዕድል ከአንዳቸው ዕድል በልጦ ከተገኘም የመልስ ገጹን መግለጥ ሳያስፈልግ ስህተት መኖሩ ይታወቃል።

ለመለማመጃ አንድ ጥያቄ፦ ከዚያው ከረጢት ሦስት ብዮች ሳይመለሱ ቢወጡ ቢያንስ አንዱ ሰማያዊ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? መልሱ 23/28 ነው።