ምስሉ ለምን ይቆማል? የዋይፋይ ራውተርና የቴሌቪዥን ስትሪሚንግ መሣሪያ አመራረጥ

ባለፈው የፋሲካ ዕለት ምሽት በቨርጂንያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ አክስቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ዶሮው ቀርቦ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ከአገር ቤት በቀጥታ የሚተላለፈው የበዓል ዝግጅትም ተከፍቷል። ይሁን እንጂ ድምፃዊው አንድ ስንኝ ሳይጨርስ ምስሉ ቀጥ አለ፤ በመስኮቱ መካከልም ያቺ የማታልቅ ክብ መዞር ጀመረች። አክስቴ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «ይኸው ነው የኔ ልጅ፤ እኔ በየጊዜው ክፍያ እጨምራለሁ፣ እሱ ደግሞ በየጊዜው ይብስበታል» አሉኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ የኢንተርኔት ጥቅላቸውን ሁለት ጊዜ አሳድገዋል፤ አዲስ ራውተርም ገዝተዋል። በላባቸው ያገኙት ገንዘብ ሲወጣ ችግሩ ግን ባለበት ቆሟል።

በስደት ለሚኖር ቤተሰብ፣ በተለይም የሚኖርበትን አገር ቋንቋ በቅጡ ለማይሰሙ አረጋውያን፣ ያ መስኮት የአገር ዜና፣ ጸሎትና ጨዋታ የሚገባበት በር ነው። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ጉድለቱ የት እንዳለ ማወቂያውን፣ ከዚያም ራውተርና የስትሪሚንግ መሣሪያ መምረጫውን ይዳስሳል።

አራቱ የሰንሰለት ቀለበቶች

ምስሉ ከአሰራጩ ተነሥቶ ሳሎንዎ እስኪደርስ በቤትዎ በኩል አራት ቀለበቶችን ያልፋል። የመጀመሪያው የአገልግሎት ሰጪው መስመርና መስመሩን የሚቀበለው ሞደም ነው። ሁለተኛው ኢንተርኔቱን ለቤቱ መሣሪያዎች የሚያከፋፍለው ራውተር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሞደሙና ራውተሩ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይሠራሉ። ሦስተኛው በራውተሩና በቴሌቪዥኑ መካከል ያለው አየር፣ አራተኛው ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘው የስትሪሚንግ መሣሪያ ነው። የሰንሰለት ጥንካሬ በደካማው ቀለበት ይለካልና ሌሎቹን ማጠንከር ደካማውን አያድነውም።

ደካማውን ለመለየት ሦስት ልኬቶች ይበቃሉ። ሁሉም በነፃ የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያ የሚሠሩ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን በሚያይበት ሰዓት፣ ማለትም ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢደረጉ ይመረጣል።

1. ኮምፒውተር በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ይለኩ። ውጤቱ በውልዎ ከተጻፈው እጅግ ካነሰ ጉዳዩ የአገልግሎት ሰጪው ነው።
2. በስልክዎ ከራውተሩ አንድ ሜትር ርቀው ይለኩ። በገመድ ጥሩ ሆኖ እዚህ ላይ ከወረደ የራውተሩ ወይም የስልኩ ዕድሜ ያጠራጥራል።
3. በዚያው ስልክ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይለኩ። ሁለተኛው ጥሩ ሆኖ ሦስተኛው ከወደቀ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ሦስቱም ጥሩ ሆነው ምስሉ ከቆመ ግን ተጠርጣሪው የስትሪሚንግ መሣሪያው ነው።

በአክስቴ ቤት ስልኬ ከራውተሩ አጠገብ በሰከንድ 180 ሜጋቢት፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ግን 4 ሜጋቢት ብቻ አሳየኝ። ራውተሩ ከኩሽናው በስተኋላ፣ በብረት መደርደሪያ ላይ፣ ከድስትና ከምጣድ ጋር ተቀምጦ ነበር።

ምን ያህል ፍጥነት ይበቃል?

የሻጮች ማስታወቂያ ከሚለው ያነሰ ነው። ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ የሚመክረው ለኤችዲ ምስል በሰከንድ 3 ሜጋቢት፣ ለሙሉ ኤችዲ 5፣ ለ4ኬ ደግሞ 15 ሜጋቢት ነው። በአንድ ቤት ሁለት ቴሌቪዥኖች በአንድ ጊዜ 4ኬ ቢያሳዩ፣ አንድ ልጅ በቪዲዮ ቢማርና ሌላው በስልክ ፊልም ቢያይ ድምሩ 40 ሜጋቢት ገደማ ነው። ስለዚህ 100 ሜጋቢት ለአብዛኛው ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው።

ቢትና ባይትን መለየትም ያስፈልጋል። ፍጥነት የሚነገረው በቢት፣ የዳታ ፍጆታ ግን በባይት ሲሆን አንድ ባይት 8 ቢት ነው። በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚፈስ ምስል በአንድ ሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይበላል። በየምሽቱ ለሦስት ሰዓት ቢታይ በ30 ቀን 202.5 ጊጋባይት ይሆናል፤ በ15 ሜጋቢት ደግሞ ሦስት እጥፍ። ውልዎ የዳታ ገደብ ካለው በመሣሪያው ማስተካከያ የምስሉን ጥራት ወደ ሙሉ ኤችዲ ዝቅ ማድረግ ሒሳቡን ያቀልላል።

«ፊልሙ ሳይቆራረጥ የቀጥታ ሥርጭቱ ለምን ይቆራረጣል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ፊልም አስቀድሞ የተዘጋጀ ስለሆነ መሣሪያው ቀድሞ አውርዶ ስንቅ ይይዛል፤ መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ቢደክም ከስንቁ እየበላ ይቀጥላል። የቀጥታ ሥርጭት ቀጣዩ ክፍል ግን ገና አልተቀረፀም፤ ስለዚህ ስንቁ አነስተኛ ነው። ለዚህ ነው ለቀጥታ ዝግጅት ከከፍተኛ ፍጥነት ይልቅ የማይዋዥቅ መስመር የሚፈለገው።

አየሩን መረዳት

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። የቆየው መደብ 2.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሩቅ ይሄዳል፤ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን እጅግ የተጨናነቀ ነው። በዚህ መደብ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ በአፓርታማ ውስጥ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ይሻማባቸዋል። የማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ በመሆኑ ምግብ በሚሞቅበት ጊዜ ምስሉ ሊረበሽ ይችላል። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ፈጣን ነው፤ በግድግዳ ግን ቶሎ ይደክማል። 6 ጊጋኸርዝ ከሁሉም የጸዳው ሲሆን የሚደርስበት ርቀት ከሁሉም ያጠረ ነው።

የቤቱ አሠራርም ይወስናል። በአሜሪካ የብዙ ቤቶች ውስጣዊ ግድግዳ እንጨትና ጂፕሰም በመሆኑ ሞገዱን ያሳልፋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች አፓርታማዎች የሚበዛው ብረት ያለው ኮንክሪትና በቆዩ የአውሮፓ ሕንፃዎች የሚገኘው ወፍራም የጡብ ግድግዳ ግን ያዳክሙታል። ብረትና መስተዋት ሞገዱን ይመልሱታል፤ ውኃ ደግሞ ይውጠዋል። ስለዚህ ራውተር ከቁም ሣጥን ወጥቶ፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከማቀዝቀዣና ከዓሣ ገንዳ ርቆ፣ ከተቻለም በቤቱ መካከል ይቀመጥ። ይህ ምንም የማያስወጣ መፍትሔ ነውና ከግዢ ይቅደም።

ራውተር ሲመርጡ

ትውልዶቹ በቁጥር ተሰይመዋል። የዋይፋይ ኅብረት ለዋይፋይ 6 የማረጋገጫ ምስክርነት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019፣ ለዋይፋይ 7 ደግሞ በ2024 ነው። 6ኢ የሚባለው ዋይፋይ 6 ሆኖ የ6 ጊጋኸርዝ መደብ የተጨመረለት ነው። በዛሬው ገበያ ለተራ ቤተሰብ ባለሁለት መደብ የዋይፋይ 6 ራውተር ተመጣጣኝ ምርጫ ነው። ዋይፋይ 7ን መግዛት የሚያዋጣው አዳዲስ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላሉትና እጅግ ፈጣን መስመር ለገባለት ቤት ነው። የቆየ መሣሪያ አዲስ ራውተር ስለተገዛለት ወደ አዲሱ ትውልድ አይሸጋገርም።

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ «ቢኢ 9300»፣ የሁሉም መደቦች የንድፈ ሐሳብ ፍጥነት ድምር ነው። አንድ ቴሌቪዥን በአንድ ጊዜ ያን ሁሉ አያገኝም። አገርም ልዩነት ያመጣል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ለዋይፋይ የፈቀደችው የ6 ጊጋኸርዝ ስፋት 1200 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2021 የፈቀደው 480 ብቻ ነው። ከአንዱ አህጉር ገዝቶ ወደ ሌላው መውሰድ ሁልጊዜ የሚያዋጣ ሥራ አይደለም።

ቤቱ ሰፊ ወይም ባለ ፎቅ ከሆነ ሁለት ሦስት ጣቢያዎች ተባብረው የሚሠሩበት ሜሽ ይረዳል። ርካሹ የሞገድ ማራዘሚያ ግን በአንድ ሬዲዮ ስለሚቀበልና ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከሁሉም የሚበልጠው ተራው የኤተርኔት ገመድ ነው። ካት 5ኢ የተባለው ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት ያደርሳል፤ ጎረቤትም ማይክሮዌቭም አይነካውም።

ከአገልግሎት ሰጪው የተከራዩት መሣሪያ ካለ ውሉን ያንብቡ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ደንብ ደንበኛ የራሱን መሣሪያ የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በጀርመንም የራውተር ነፃ ምርጫ ከኦገስት 2016 ጀምሮ በሕግ ጸንቷል። በአሜሪካ በወር 15 ዶላር ኪራይ የሚከፍል ሰው በሁለት ዓመት 360 ዶላር ያወጣል፤ ይህም የጥሩ ራውተር ዋጋን የሚበልጥ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሞደሙ ከመስመሩ ጋር እንደሚስማማ ከድርጅቱ ያረጋግጡ።

የስትሪሚንግ መሣሪያ ሲመርጡ

ዘመናዊ ቴሌቪዥን መተግበሪያዎችን በውስጡ ይይዛል፤ ይሁን እንጂ አንጎለ ኮምፒውተሩ ቶሎ ያረጃል፤ ዝመናውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይቋረጣል። ምስሉ ጥሩ ሆኖ ምላሹ የዘገየ ቴሌቪዥን ካለዎት አዲስ ቴሌቪዥን አይግዙ፤ በኤችዲኤምአይ የሚሰካ መሣሪያ ይበቃዎታል። እንደ ፋየር ቲቪና ሮኩ ያሉት ስቲኮች በአሜሪካ በአብዛኛው ከ30 እስከ 60 ዶላር፣ እንደ አፕል ቲቪና ጎግል ቲቪ ስትሪመር ያሉት ሣጥኖች ደግሞ ከ100 እስከ 150 ዶላር ይሸጣሉ። አራት ጥያቄዎችን ይጠይቁ፦

- የሚከታተሉት ጣቢያ መተግበሪያ በዚያ መሣሪያ መደብር፣ እርስዎ በሚኖሩበት አገር፣ ይገኛል ወይ? ይህ ካልተሟላ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።
- ምስሉን የሚፈታው በየትኞቹ የመጭመቂያ ስልቶች ነው? ኤችኢቪሲንና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ኤቪ 1ን የሚያነብ መሣሪያ ያንኑ ጥራት በአነስተኛ ዳታ ያሳያል።
- የገመድ መሰኪያ አለው ወይ? ጎግል ቲቪ ስትሪመር አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው አፕል ቲቪ 4ኬ ግን ያለው ባለ 128 ጊጋባይቱ ብቻ ነው።
- የቅጂ መብት ጥበቃ ፈቃድ አለው ወይ? በአንድሮይድ መሣሪያዎች ዋይድቫይን ኤል 1 የተባለው ደረጃ ከሌለ ታላላቅ አገልግሎቶች 4ኬ ቢከፈልባቸውም ዝቅተኛ ምስል ብቻ ያሳያሉ።

«ሁሉን የሚያሳይ» ሣጥን

በየከተማው በማኅበረሰባችን መካከል «አንድ ጊዜ ብቻ ከፍለው የዓለምን ቻናል ሁሉ ይዩ» እየተባለ የሚሸጥ ስም የለሽ የአንድሮይድ ሣጥን አለ። የሚያሳየው ፈቃድ የሌለው ሥርጭት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ለገዢው የሚብሰው ግን በውስጡ የሚመጣው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 «ባድቦክስ 2.0» ስለተባለ መረብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ገና ከመሸጣቸው በፊት ወይም ሲዋቀሩ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር እንደሚገባባቸው፣ ወንጀለኞችም የቤተሰቡን ኢንተርኔት ለራሳቸው መሸሸጊያ እንደሚያደርጉት አስታውቋል። ወንጀሉ በሌላ ሰው ቢሠራም በመዝገብ የሚታየው አድራሻ የእርስዎ ቤት ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱን ለሚጠባበቅ ስደተኛ ይህ ቀላል ጣጣ አይደለም። መሣሪያው የጎግል ፕሌይ ፕሮቴክት ጥበቃን እንዲያጠፉ ከጠየቀዎት ወይም መተግበሪያ ከማይታወቅ መደብር እንዲያወርዱ ካዘዘዎት ነቅለው ይጣሉት።

ራውተሩን በተመለከተ አብሮት የመጣውን የይለፍ ቃል ይለውጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረውን ደብልዩፒኤ 3፣ ካልሆነም ደብልዩፒኤ 2 የተባለውን ጥበቃ ይምረጡ። ቴሌቪዥኑንና እንግዶችን «የእንግዳ መረብ» በሚባለው ላይ ማስገባት የቤቱን ኮምፒውተሮች ይከልላል። ሲገዙም የደኅንነት ዝመናው ለስንት ዓመት እንደሚቆይ ይጠይቁ፤ በብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ አምራቾች ይህን እንዲገልጹ ሕግ ያስገድዳቸዋል።

መሣሪያውን ለአገር ቤት ቤተሰብ የሚልኩ ከሆነ በኃይል ማስተላለፊያው ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይመልከቱ። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመሩ 220 ቮልት በመሆኑ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ የአሜሪካ ዕቃ ሲሰካ ይቃጠላል። እናትዎ የሚከፍሉት በዳታ መጠን ከሆነም የምስሉን ጥራት ከመላክዎ በፊት ዝቅ አድርገው ያስተካክሉላቸው።

በዚያ የፋሲካ ምሽት ራውተሩን ከድስቶቹ መካከል አውጥተን ከሳሎኑ መግቢያ ባለው ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። ልኬቱ ከ4 ወደ 95 ሜጋቢት አደገ፤ ያስፈለገን አንድ ረዘም ያለ ገመድ ብቻ ነበር። በማግሥቱ አክስቴ ወደ አገልግሎት ሰጪያቸው ደውለው ወደ ቀድሞው፣ ርካሽ ወደ ሆነው ጥቅል ተመለሱ። ድምፃዊውም ዘፈኑን ሳያቋርጥ ጨረሰ።