ቂሷስ፣ ይቅርታ እና «ወንድሙ» የሚለው ቃል



የግድያ ዜና በወጣ ቁጥር ከሥሩ ያለውን ኮሜንት ታውቁታላችሁ። ፋይሉ ፍርድ ቤት ሳይደርስ «ይሰቀል!» ይባላል። ሌላው ደግሞ «የሞት ቅጣት አረመኔነት ነው» ይላል። ሁለቱም ሲከራከሩ አንድ ሰው ይረሳሉ፦ ልጇ የተገደለባትን እናት።

ዲናችን ጉዳዩን ከእሷ ይጀምራል። ሱረቱል በቀራህ አያ 178ን ከነተፍሲሩ አንብቡት። ሆን ብሎ በገደለ ላይ ቂሷስ ተደነገገ፤ በዚያው አያ ይቅርታና የደም ካሳ (ዲያ) ተፈቀደ። ምርጫው የሟች ወራሾች ነው። እኔን ሁሌም የሚያስቆመኝ ግን አንድ ቃል ነው። አላህ (ሱ.ወ) ስለ ይቅርታው ሲናገር የሟችን ወገን ለገዳዩ «ወንድሙ» ብሎታል። ደም በፈሰሰበት ቦታ! ዑለሞች ከዚህ ተነስተው ግድያ ከከባድ ወንጀሎች አንዱ ቢሆንም የኢማን ወንድማማችነትን እንደማይበጥስ አስረድተዋል።

ቀጣዩ አያ በቂሷስ ውስጥ ሕይወት እንዳለ ይነግረናል። በጃሂሊያ ዘመን ለአንድ ሟች ከገዳዩ ጎሳ ያገኙትን ይገድሉ ነበር። ቂሷስ ያንን ቆረጠው፦ ገዳዩ ብቻ፣ በቃዲ ፍርድ ብቻ። ማስረጃው አጠራጣሪ ከሆነም ቅጣቱ ይቀራል፤ የተገደለ ሰው በይግባኝ አይመለስምና።

ቂሷስን የጠየቀ ቤተሰብ አይወቀስም፣ መብቱ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን የቂሷስ ጉዳይ ሲቀርብላቸው ወደ ይቅርታ ይገፋፉ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ወሎ ውስጥ ደም ሲፈስ የሚገቡት አበጋሮችም የሚለፉት ለዚሁ ነው።

በ2014 እ.ኤ.አ. በኢራን ኑር ከተማ የሆነውን ብዙዎቻችሁ በፎቶ አይታችሁት ይሆናል። ወጣቱ ገዳይ ገመዱ አንገቱ ላይ ገብቶ ወንበር ላይ ቆሟል። ልጇን በ2007 በመንገድ ጸብ የገደለባት እናት ቀረበች። በጥፊ መታችው። ከዚያ ከባሏ ጋር ሆና ገመዱን ከአንገቱ አወለቀች። የገዳዩ እናት መጥታ ተቃቅፈው አለቀሱ። ጥፊውን አትዝለሉት፤ ይቅር ያለ ሰው አልተናደደም ማለት አይደለም።

ሁሉም ግን እንዲህ አያልቅም። ሳዑዲ ውስጥ ለዲያ ሚሊዮኖች ሪያል የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ጎሳ ያለው ይዋጣለታል፤ ዘመድ የሌለው፣ ቋንቋ የማይችል ስደተኛስ? ይህ የሸሪዓው ሳይሆን የሰዎች ጉድለት ነው። ይቅር የተባለም ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ በማሊኪ መዝሀብ 100 ጅራፍና 1 ዓመት እስር አለበት።

በሀገራችንስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሞት ቅጣት አለው፤ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው ግን አይፈጸምም። ይቅርታውም የመንግሥት ነው። እዚህ ያለችው እናት «ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ» ብትል እንኳ፣ ገመዱን የማውለቅ ሥልጣን በእጇ የለም።