ለልጄ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት እንዴት ልምረጥ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጄ ማንኪያ መያዝ ይቸግረዋል፤ ጣቱን ወጥ ከነካው ያለቅሳል። ሐኪሙ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (የዕለት ተዕለት ተግባራትን የሚያለማምድ ባለሙያ) ይየው ብሎናል። ምን ዓይነት ባለሙያ ልፈልግ?

መልስ፦ ልጅዎ 3 ዓመት ሳይሞላው ዛሬውኑ ለካውንቲዎ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ» የሕፃናት ድጋፍ ፕሮግራም ይደውሉ። ምርመራው በነፃ ነው፤ በ45 ቀን ውስጥ ተመርምሮ የአገልግሎት ዕቅድ ስብሰባ ሊደረግለት ይገባል። የአማርኛ አስተርጓሚም ይጠይቁ።

የምትመደብላችሁ ባለሙያ የስቴቱ የሥራ ፈቃድና ከሕፃናት ጋር የመሥራት ልምድ እንዳላት ያጣሩ። ከዚያ አያያዟን ይዩ። ጥሩ ባለሙያ መሬት ተቀምጣ ከልጁ ጋር ትጫወታለች። እጁን ይዛ ወጥ ውስጥ አትነክርም፤ መጀመሪያ በማንኪያ እንዲያማስል፣ ቀጥሎ በጣቱ ጫፍ እንዲነካ፣ እሱ ሲፈቅድ ብቻ ታለማምደዋለች።

በቤታችሁ እንጀራ በእጅ እንደሚበላ ይንገሯት። እንጀራ ቆርሶ መጠቅለልም በዕቅዱ ውስጥ እንደ ግብ ይጻፍ። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ከእናንተ ጋር ነውና፣ ቤት ውስጥ የምትሠሩትን በየቀጠሮው የማታሳይ ከሆነች ሌላ ባለሙያ ለመጠየቅ አያመንቱ።