ቤትም ቀብድ ይገባዋል

ሁለቱም የደብረ ታቦር ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ በማሲንቆ ቤተሰብ ያስተዳደሩ አዛውንት፣ ሌላው ደግሞ ቀን ቀን እንጨት ሥራ ቤት እየዋለ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ የሚጫወት ወጣት። ወሩ መጋቢት ነው፤ ጾም ስለሆነ ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የወጣቱ ባለቤት በቅርቡ ሴት ልጅ ተገላግላ ገና አራስ ቤት ናት።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ዜማውን ከእርስዎ ተማርኩ። ቤትዎን እንዴት አድርገው እንደያዙት ግን ጠይቄዎት አላውቅም። የእኔ ነገር ተምታቶብኛል። ቀን አናጢ ነኝ፣ ሌሊት አዝማሪ ነኝ። እኔ ስገባ ትልቁ ልጄ ተኝቷል፤ እሱ ሲነሣ እኔ ተኝቻለሁ።

ሽማግሌው፦ ሚስትህ ምን ትላለች?

ወጣቱ፦ ምንም አትልም።

ሽማግሌው፦ የሚያስፈራውማ እሱ ነው። ብትቆጣህ ይሻል ነበር። ተቀመጥ እስቲ።

ወጣቱ፦ እርስዎ ቤትም ሥራም እኩል እንዴት ቻሉት?

ሽማግሌው፦ በእኛ ጊዜ ሁለቱ እምብዛም አይለያዩም ነበር። ጎንደር አጠገብ ያለችውን ቡርቧክስን ታውቃታለህ፣ የአዝማሪ መንደር ናት። እዚያ ልጅ ማሲንቆ የሚማረው ከቤተሰቡ ነው። ባል ይመታል፣ ሚስት ታዜማለች። ሰርግ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ፣ ማን ምን እንደሸለመ ተጠያይቀው አያውቁም፤ ሁለቱም አይተውታላ! ይህን ስነግርህ ያ ዘመን ይመለስ ማለቴ አይደለም። አዝማሪ ከአዝማሪ የሚጋባው ሌላው ሰው ልጁን አልሰጥ ስለሚለው ጭምር ነው። ስማችን ስድብ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የሚባለው የባህል ሙዚቃ ቡድን ሲቋቋም እነ ጌታመሳይ አበበ ማሲንቆውን ይዘው መድረክ ወጡ። ዛሬ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳይቀር ይሰጣል። ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ያንተ ሚስት ግን ከሙያው ውጭ ናት። ያላየችውን ነገር እንድትታገስልህ ነው የምትጠብቅባት።

ወጣቱ፦ ታዲያ ይዣት ልዙር?

ሽማግሌው፦ አይ፣ ልጆቹን ማን ይይዛል? ገንዘቡን አስቆጥራት።

ወጣቱ፦ እሰጣታለሁ እኮ።

ሽማግሌው፦ መስጠትና ማስቆጠር አንድ አይደለም። እኔ ብቻዬን ከሄድኩበት ሰርግ ማግስት ኪሴን ሰፌድ ላይ እዘረግፈው ነበር። ከግንባር ላይ የተነሣ ብር ታውቀዋለህ፤ ላብ ጠጥቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ባለቤቴ ቡናዋን እያፈላች አንድ በአንድ ታላቅቀውና በየዓይነቱ ትደረድረዋለች። ይህ ለዕቁብ፣ ይህ ለልጆች ደብተር፣ ይህ ለማሲንቆው ጭራና ዕጣን ትላለች። እኔ ደግሞ የትኛው ብር ከማን እንደመጣ፣ የሙሽራው አጎት ምን ብሎ ግጥም እንደሰጠኝ፣ እኔ እንዴት አድርጌ እንደተቀበልኩት እነግራታለሁ። ትስቃለች። ያደርኩበትን ቤት በዚያ አወቀችው። ሚስት ባሏ የት እንዳደረ ስታውቅ ልቧ ያርፋል።

ወጣቱ፦ እኔ ጋ ሽልማቱ ግማሹ እዚያው ይቀራል። ይጋብዙኛል፣ እኔም እጋብዛለሁ። እምቢ ብል ኮራ ይሉኛል።

ሽማግሌው፦ የመጀመሪያውን ቢራ ተቀበል፣ አመስግን፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ጠጣ። «ድምፄ ይዘጋብኛል» በላቸው፤ እውነትም ነው። ሰው ማሲንቆህን ብሎ እንጂ ስካርህን ብሎ አልጠራህም። በዚህ ላይ ብዙ አልነግርህም፣ ራስህ ታውቀዋለህ።

ወጣቱ፦ ጊዜውስ? ጥር ላይ ልጄን ከነመኖሩም እረሳዋለሁ።

ሽማግሌው፦ ይኸውልህ፣ አንተ ሚዛኑን የምትፈልገው በየቀኑ ነው። የእኛ ሥራ በየቀኑ አይመዘንም፣ በዓመት ነው የሚመዘነው። ጥምቀት በጥር 11 ካለፈ በኋላ ጾሙ እስኪገባ ሰርግ በሰርግ ላይ ነው። ያን ጊዜ ቤት አትገኝም፣ ለሚስትህም አስቀድመህ ንገራት። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ 55 ቀን። ዘፈን የለም፣ ሰርግ የለም። ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ እንደገና ሚያዝያና ግንቦት ይጠሩሃል። ክረምት ሲመጣ ገበሬው እርሻ ላይ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የማሲንቆህም ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፤ እሳት ዳር ካላሞቅኸው አይጮህልህም። እንግዲህ ቁጠረው። ዓመቱ ራሱ ለቤትህ ወራት አስቀምጦልሃል። አብዛኛው አዝማሪ ግን ጾሙን «ሥራ የጠፋበት ጊዜ» ብሎ ይማረርበታል፣ ጠላ ቤት ተቀምጦ ያሳልፈዋል። በጣም ያሳዝነኛል።

ወጣቱ፦ በጾም እኮ የሚበላውም ያንሳል።

ሽማግሌው፦ ለዚህ ነው ዕቁብ ያልኩህ። የጥር ገንዘብ የጥር ብቻ አይደለም፣ መጋቢትንም ማብላት አለበት። ከዕቁብ ሰብሳቢው ጋር ተነጋገርና ዕጣህ በጾም እንዲወጣልህ አድርግ፤ በጥር ያወጣ አዝማሪ በጥር ይጨርሰዋል። አንተ ደግሞ አናጢነቱ አለህ፣ ከእኔ ትሻላለህ። አሁን በእነዚህ ሳምንታት ጣራህን ጠግን፣ የልጅህ አስተማሪ ጋ ሂድ፣ አራስህ አጠገብ ተቀመጥ። ማሲንቆውንም ለልጅህ አስጨብጠው። አዝማሪ ይሁን አላልኩህም፤ አባቱ ሌሊት ሌሊት ምን እንደሚሠራ በእጁ ይወቀው።

ወጣቱ፦ አዲስ አበባ አንድ አዝማሪ ቤት ና ብሎኛል። በየሌሊቱ ሥራ አለ ይላሉ።

ሽማግሌው፦ ሚስትህ ከተስማማች፣ ከነልጆችህ ሂድ። ብቻህን ግን አትሂድ። «አንድ ዓመት ብቻ» ብሎ ወጥቶ ልጁ በስልክ ድምፁን ብቻ የሚያውቀው አባት ብዙ አይቻለሁ።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ዋናውን ልንገርዎት። የሕፃኗ ክርስትና ግንቦት ላይ እሁድ ይውላል። በዚያው እሁድ ትልቅ ሰርግ ተጠርቻለሁ። የሚከፍሉኝ የእንጨት ሥራ ቤቱን የወር ደመወዜን ያህላል። ቀብድ ግን ገና አልተቀበልኩም።

ሽማግሌው፦ ቀብድ ተቀብለህ ቢሆንና ሌላ ሰው መጥቶ እጥፍ ቢሰጥህ ትሄድ ነበር?

ወጣቱ፦ በፍጹም! ስሜ ይጠፋል፣ ሁለተኛ ማንም አይጠራኝም።

ሽማግሌው፦ ቤትህም እንደዚያው ነው። ዓመቱ ሳይገባ ከሚስትህ ጋር ቀን መቁጠሪያውን ዘርጉና የቤቱን ቀኖች ያዙ፤ ክርስትናውን፣ የማኅበሩን ቀን፣ እናትህን የምትጠይቅበትን። በእነዚያ ቀኖች ላይ ቀብድ ተቀብያለሁ በል። ሰው ሲደውል «ያን ቀን ተይዣለሁ» በለው። በማን ቢልህ «በልጄ» በለው። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ ይህ ቀን እንደ ሰርግ አይገፋም። ሰርጉ ሌላ ማሲንቆ ያገኛል። ልጅቷ ሌላ አባት አታገኝም።

ወጣቱ፦ ገንዘቡ ያሳሳኛል ጋሼ፣ አልዋሽዎትም።

ሽማግሌው፦ ቢያሳሳህ አይፈረድብህም፣ ጎጆህ ውስጥ አራስ አለች። ግን ሥራውን አትጣለው፣ አበድረው። እዚህ ከተማ ያለን ማሲንቆ ተጫዋቾች እንተዋወቃለን። ለአንዱ ስጠው፣ ባለ ሰርጉን ራስህ አገናኘው፣ እሱም በተራው ጥር ላይ አንድ ሰርግ ይመልስልሃል። ሁሉም ሥራውን ለብቻው ስለሚሻማ ነው አንድም ሰው የልጁ ክርስትና ላይ የማይቆመው። ብንስማማ በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ለያንዳንዳችን ይተርፈን ነበር።

ወጣቱ፦ ዛሬውኑ እደውላለሁ። ለእሷም እነግራታለሁ።

ሽማግሌው፦ ለእሷ አስቀድም።

ምልልሱ እዚህ ላይ አበቃ። እኔ የምጨምረው ለደጋሾች ነው። ለመጪው ግንቦት ሰርግ የምትደግሱ ሁሉ፣ ማሲንቆ ተጫዋቹን ስትጠሩ የሚጨርስበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ንገሩት። ቀሪ ክፍያውን «ነገ ና» ሳትሉ በዚያው ሌሊት በእጁ ስጡት፤ ሲመሽም በእግሩ አትልቀቁት፣ መኪና ካላችሁ ቤቱ አድርሱት። እሱንም የሚጠብቁት ልጆች አሉት።