ስለ አንድ የእጅና የእግር ችፌ ስምና ቁጥር

ከቆዳ በሽታዎች መካከል በመዳፍ፣ በጣቶች ጎንና በውስጥ እግር ላይ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶችን የሚያወጣ አንድ የችፌ ዓይነት አለ። እያንዳንዱ እብጠት ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በብርቱ ያሳክካል፣ ያቃጥላል። አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይደርቅና ቆዳው ይላጣል፤ ነገር ግን እየተመለሰ መምጣት ልማዱ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪን ይህ ምን አገባው?» የሚል ጓደኛ ይኖር ይሆናል። የሚያገባኝ በሽታው ሳይሆን የተጻፈበት ቃል ነው። ሐኪሙ በካርዱ ላይ ያሰፈረው ቃል ወደ ቁጥር ሲለወጥ ምን እንደሚተርፍና ምን እንደሚጠፋ መመርመር ለእኛም የተገባ ጥናት ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። በ1873 (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ቲልበሪ ፎክስ የተባለ የለንደን ሐኪም ሕመሙን ገልጾ ዲስሃይድሮሲስ አለው። ቃሉ የግሪክ ሆኖ የላብ መታወክ ማለት ነው፤ ፎክስ ላብ መውጫ አጥቶ ከቆዳ ሥር የታቆረ መስሎት ነበርና። ከ3 ዓመት በኋላ ጆናታን ሃቺንሰን ኬይሮፖምፎሊክስ ሲል ሰየመው፤ ይኸውም «የእጅ አረፋ» እንደ ማለት ነው። ሃቺንሰን ያየውን ብቻ ሰየመ፤ ፎክስ ግን ምክንያቱንም በስሙ ውስጥ ጨመረ። በኋላ ቆዳው በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ውሃው የሚጠራቀመው እንደ ማናቸውም ችፌ በላይኛው ቆዳ ሕዋሶች መካከል እንደ ሆነና ከላብ ቧንቧ እንደማይመጣ ታወቀ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ቁጥሩ የተሻለ ዕድል ገጠመው። ዣክ ቤርቲዮን በ1893 ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ለዛሬው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ መሠረት ሆኗል፤ ከ1948 ወዲህም ሥራውን የያዘው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። አሜሪካኖች ዘጠነኛውን እትም ለሐኪም ቤት ሥራ አስፍተው ባዘጋጁት መዝገብ ውስጥ ይህ ችፌ 705.81 ተብሎ ከላብ ዕጢ በሽታዎች ጋር ተመድቦ ነበር፤ የፎክስ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ በቁጥር ይኖር ነበር ማለት ነው። በአሥረኛው እትም ኤል 30.1 ሆኖ ከቆዳ ብግነቶች መካከል ገባ። አሜሪካም በዚህ እትም መሥራት የጀመረችው ከጥቅምት 1 ቀን 2015 ወዲህ ነው። ቁጥሩ ሲታረም አጠገቡ የተጻፈው ስም ግን ያው ዲስሃይድሮሲስ መሆኑ እኔን ያስቀኛል።

አሁን ወደ ካርዱ እንምጣ። ቃሉን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ኮደር የሚባለው ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው በሽተኛውን አያይም፤ የሚያየው ጽሑፉን ብቻ ነው። ሐኪሙ «በመዳፍ ላይ ውሃ የቋጠሩ፣ የሚያሳክኩ እብጠቶች» ብሎ ቢጽፍና የበሽታውን ስም ቢተው፣ ኮደሩ ነገሩ ግልጽ ቢመስለውም ኤል 30.1 ለመጻፍ ሥልጣን የለውም፤ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። «ችፌ» ብቻ ከተባለም ዓይነቱ ወዳልተገለጸው ወደ ኤል 30.9 ይሄዳል።

ከሁሉ የሚደንቀው «ምናልባት» የምትለው ቃል ዕጣ ነው። በአሜሪካ ደንብ በተመላላሽ ሕክምና «ምናልባት» የተባለ በሽታ ቁጥር አይሰጠውም፤ የሚጻፈው የታየው ምልክት ብቻ ነው። በሆስፒታል ተኝቶ በወጣ ሰው ላይ ግን በመውጫው ጊዜ «ምናልባት» የተባለው እንደ ተረጋገጠ ተቆጥሮ ይመዘገባል። አንዲት ቃል በአንዱ በር ባዶ፣ በሌላው በር እርግጥ ትሆናለች።

ይህ የጸሐፊ ጨዋታ አይደለም። ይህን ችፌ የሚመስሉ ብዙ ናቸው። የእጅ ፈንገስ ቢ 35.2፣ የእግር ፈንገስ ቢ 35.3 ነው፤ ፈንገሱን ችፌ ነው ብሎ የስቴሮይድ ቅባት የሰጠ ሐኪም መቅላቱንና ማሳከኩን ለጊዜው ያበርደዋል፤ ፈንገሱ ግን ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል። ስለዚህ ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ መታየቱና ውጤቱ በካርዱ ላይ መጻፍ አለበት። ደግሞም የእግር ፈንገስ በእጅ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ሊያስነሣ ይችላል፤ ለዚህ የተመደበው ኤል 30.2 ነው። እጁን ያሳየውን ሰው ጫማውን ማስወለቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

የእኛም ቋንቋ እዚህ ላይ ወጥመድ አለው። በውጭ አገር የሚኖር ወገናችን ማሳከኩን ለመግለጽ ፈልጎ «እከክ» ቢልና አስተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ቢያቀብለው፣ ሐኪሙ የሚሰማው ሌላ በሽታ ነው። እከክ በቢ 86 የሚመዘገብ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባና ቤተ ሰብን በሙሉ የሚያሳክም ነው። «ያሳክከኛል» እና «እከክ ይዞኛል» የሥራቸው ፊደል አንድ ቢሆንም መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

ኤል 30.1 ደግሞ የማይዘው ብዙ ነው። ቀኝ ይሁን ግራ፣ እጅ ይሁን እግር፣ ስንተኛ ጊዜው እንደ ሆነ፣ በሙቀት ወራት ይብስ እንደ ሆነ አይናገርም፤ ይህ ሁሉ በቃል ካልተጻፈ የለም። የበለጠ የሚከብደው የሥራው ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ በሳሙና ውሃ ዕቃ የሚያጥብ ወይም ኒኬል የሚነካ ሰው መዳፉ ሲቆስል፣ ምክንያቱ በምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው ሌላ ቁጥር አለው፤ በማጽጃ ለሚመጣው ኤል 24.0፣ በብረታ ብረት አለርጂ ለሚመጣው ኤል 23.0 ነው። ካሣ የሚጠይቅም ሆነ ሥራ እንዲቀየርለት የሚለምን ሠራተኛ የሚይዘው ማስረጃ ይህ ነው። ሐኪሙ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ካልጻፈ ግን፣ ኮደሩ ያን ባዶ መስመር ከራሱ አውጥቶ ሊሞላው አይፈቀድለትም።